የሰልሰቢል መሐላ

መርካቶ፣ ድር ተራ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዱንያ ሙራድ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? የባለቤትሽ የፈርሀት ጉንፋን ለቀቀው? እኛ አልሃምዱሊላህ፣ የምንበላውን አላጣንም፣ ጤና አላጣንም። ያጣነውን ከታች ታነቢዋለሽ።

«ስልክ በእጅሽ እያለ ምን ወረቀት አስጨረሰሽ?» ብለሽ ስቀሽብኛል። ሳቂ፣ መብትሽ ነው። ቤቴን ግን ታውቂዋለሽ፤ አንዲት ክፍል፣ መሐሏ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሰልሰቢል። የተነፈስኩትን ሁሉ ትሰማለች። ስልኩንማ ከኔ ይልቅ እሷ ናት የምታዝበት፤ አንቺ የላክሽልኝን ድምፅ እኔ ሳልከፍተው ሰምታ ትጨርሰዋለች። ባለፈው «ይህች ልጅ አደከመችኝ» ብዬሽ የለ? ሰምታኛለች። ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ዕቃ ስደረድር ከኋላዬ መጣችና «እማ፣ በጣም ነው ወይስ ትንሽ ነው የማደክምሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ስለዚህ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል እዚሁ ሱቅ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ፤ የወራቤው አውቶቡስ ሹፌር ሙናዊር ያደርስልሻል። ጽሕፈቴን ታገሺው። ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ ከደረሰኝ በቀር የጻፍኩት ነገር የለም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?» ላልሽው፣ እግር ካወጣች ጀምሮ ነዋ! የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ሳሙና ግዢ ብዬ ብልካት የሠርግ መኪና ተከትላ ሲኒማ ራስ ድረስ ሄዳ፣ ሰፈሩን አተራምሰን ስናገኛት «ጥሩምባው ደስ ብሎኝ ነው» አላለችም? ያኔ እንዴት እንደሳቅን! አሁን ዐሥራ አምስት ሞላት፤ አሁን የሚስቅ የለም። ቁልፍ ትረሳለች፣ ምድጃ ላይ ሻይ ጥዳ ትረሳለች፣ ሰው ሳይጨርስ ትመልሳለች። ቆጣ ካልኳት ደግሞ እንደ ጋዝ ነው፤ ቦግ! ትጮሃለች፣ በር ትወረውራለች፣ ወዲያው መጋረጃው ውስጥ ገብታ ታለቅሳለች።

እኔን የሚያበግነኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? መቻሏ። ልብስ ሰፊ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ይዞ ይመጣና «የዚችን ጓደኛ» ይለኛል። እኔ ሳጥን ሳገላብጥ እውላለሁ። እሷ አንድ ጊዜ አይታ «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች፣ ካኪው ሳጥን» ትላለች። አትስትም። ታዲያ አርባ ሳጥን ቁልፍ በጭንቅላቷ የያዘች ልጅ አንድ ደብተር እንዴት ትረሳለች? ሆን ብላ ነው እንጂ።

ይኸውልሽ፣ የቤት ሥራዋን ሠርታ እዚሁ ሱቅ ባንኮኒው ላይ ትታው ሄደች። መምህሩ ክፍል ፊት አስቁሞ «ዛሬስ ምን በላው?» አላት፤ ልጆቹ ሳቁ። እሷም ዳስተሩን አንስታ ወረወረችው። በሩን ነው የመታው፣ አላህ ጠበቃት። ምክትል ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ያለምወርቅ አስጠሩኝና «ሐዋ እህቴ፣ እኔ ልጅቷን እወዳታለሁ፤ ግን አንድ ጊዜ ይኼ ከተደገመ ፋይሏን ይዘሽ ትሄጃለሽ» አሉኝ። ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለባት። እኔ ከሰባተኛ ነው የቀረሁት። እሷ ስምንትን እንድታልፍ ነው እኔ ከዚህ ሱቅ የተጣበቅኩት፤ ሌላ ምኞት የለኝም።

አትጨነቂ፤ አንድ መላ አግኝቻለሁ። ጎረቤታችን ሐጂ ሰላሃዲንም ደግፈውኛል። ሲሠራ እነግርሻለሁ።

እህትሽ ሐዋ


ወራቤ
ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐዋ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ለባለቤትሽ ለጠሀም ለሰልሰቢልም። ዚፖቹ ደርሰውኛል፣ ጀዛኪላህ። ዘግይቼ የጻፍኩት ከጤና ጣቢያው ለሥልጠና ወጥቼ ስለነበር ነው። ሥልጠናው ራሱ ነው ይህን የሚያስጽፈኝ፤ እባክሽ ሳትቆጪ አንብቢው።

ሦስት ቀን ስለ ልጆች አእምሮ ነበር የተማርነው። አሠልጣኙ ምልክቶቹን ሰሌዳ ላይ ሲደረድር እኔ ወደ ደብተሬ እየገለበጥኩ ነበር፤ ግማሽ ላይ እጄ ቆመ። ስለ ሰልሰቢል ነበር የሚያወራው። ትኩረት አንድ ቦታ አለመርጋት፣ መርሳት፣ መቅበጥበጥ፣ ሳያስቡ መናገር። አብሮ የሚወለድ ነገር ነው እትዬ፤ የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም፣ ጥጋብም አይደለም። «ትችላለች፣ ሆን ብላ ነው» ያልሽኝ ራሱ ምልክቱ ነው። ትኩረቱ አለ፤ ሲጠሩት ግን አይመጣም። ቁልፎቹ ደስ ስለሚሏት ይመጣላቸዋል፤ ለደብተሩ ግን አላዘዘችውም ማለት አይደለም፣ አዝዛው እምቢ ብሏት ነው። ንዴቷም እንደዚያው ነው፤ እኛ ጋ ፍሬን አለ፣ እሷ ጋ ፍሬኑ ልል ነው።

እኔን ያስፈራኝ ግን ሌላው ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች ጉርምስና ሲደርሱ ብዙዎቹ ላይ ሁለተኛ ነገር ይደረባል አሉን፤ ሐዘን፣ ፍርሃት፣ ጠብ፣ ራስን መጥላት። ልጅቷ ከጠዋት እስከ ማታ «አንቺ ደግሞ!» ስትባል ውላ ታድራለቻ። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን የሰማ ሰው ስለ ራሱ ምን ያምናል?

አባቷን ጠሀንም አስቢው እስቲ። በርበሬ ተራ ድለላ ላይ የሚውለው ሰውዬ ቁጭ ብሎ ምሳ ሲበላ አይተሽው ታውቂያለሽ? በሱ ሲሆን መርካቶ «ቀልጣፋ» አለው፤ በሷ ሲሆን «ቀውስ» አላት። የሱን ደብተር የሚያርም የለማ።

አዲስ አበባ ሆስፒታል የምትሠራ ጓደኛዬ ለታኅሣሥ 21 ቀጠሮ አስይዛልኛለች። ወረቀቱን በሙናዊር ልኬዋለሁ። እባክሽ ውሰጃት። ደግሞ ያንን መላ ያልሽውን ንገሪኝ፤ በስልክ የጠየቅኩሽን ጨምሮ ይኸው ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።

ታናሽሽ ዱንያ


መርካቶ
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዱንያዬ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ማለቴ ጥፋት ነው፤ ይቅር በይኝ። የዝምታዬ ምክንያት ግን ደስታ ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ወደ ሆስፒታሉ አልሄድንም። ቆይ፣ አትቆጪ፣ አንብቢ። ልጅቷ ረጋች! ወላሂ ረጋች። ከኅዳር ማለቂያ ጀምሮ በር አልወረወረችም። ትምህርት ቤት አንድም ክስ አልመጣም። ወይዘሮ ያለምወርቅ አብነት ሰፈር መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ምን አደረግሻት? ለኛም ንገሪን እንጂ!» ብለው ሳቁ። ሱቅ ትመጣለች፣ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ስጠራት ብቻ ትነሳለች። ያ ሁሉ ወሬዋ፣ ያ ሁሉ «እማ፣ ይሄ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው» የለም። እንዲያውም አንዳንዴ ሱቁ ጭር ይልብኛል።

ሌላም አለ። ዲኗን አጥብቃለች፣ ማሻአላህ። ሰኞ ትጾማለች፣ ኀሙስ ትጾማለች፤ አንዳንዴ በመሐሉም ትጾማለች። እኔ በዚያ ዕድሜ ረመዳንን እንኳ በልመና ነበር የምጨርሰው። ከስታለች፤ መክሳቱ ግን አምሮባታል። የጎን ሱቋ በለጥሻቸው ታውቂያታለሽ፣ አፏ አይገደብም፤ «ሐዋዬ፣ የልጅሽን ወገብ አንድ ሜትር ላስቲክ ሦስቴ ይዞረዋል፤ ለኔም ምስጢሩን አካፍይኝ፣ እኔን የሚዞረኝ ላስቲክ ከፋብሪካው አልወጣም» አለች። እንዴት ሳቅን! ሰልሰቢል ግን አልሳቀችም፤ አልሰማችም መሰለኝ።

እና ይህን ልጅ ይዤ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ልሂድ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እረዳሻለሁ። ግን ድር ተራ ወሬ ሮጦ ይደርሳል። ካርድ ወጣላት ማለት ነገ ለትዳር የሚጠይቃት ሰው «እሷማ ያቺ...» ተባለለት ማለት ነው። የተናገርሽውን ለጠሀም ነገርኩት። ቆሞ ሻይ እየጠጣ ነበር። «ታዲያ እኔንም አስተኙኛ! ግን በርበሬው እስኪራገፍ ታገሡኝ» ብሎ ሄደ።

መላውን ንገሪኝ ነው የምትይው። በየጁምዓው ከሶላት በኋላ እሷና እኔ ሐጂ ሰላሃዲን ሱቅ ገብተን እንወጣለን፤ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አልነግርሽም፣ ትስቂብኛለሽ። ብቻ ሠርቷል።

ለፈርሀት ካልሲ ልኬያለሁ።

እህትሽ ሐዋ


መርካቶ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዱንያ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ወረቀት ሙሉ ቃል ይዤ ልመልስልሽ ነበር፤ ተናድጄ ተውኩት፣ አሁን በርዶልኝ ነው የምጽፈው።

የጠየቅሽኝን በየተራ ልመልስ። ስንት ኪሎ እንደሆነች አላውቅም፤ እኔ ልጄን እንደ በርበሬ ጆንያ ሚዛን ላይ አውጥቼ አላውቅም። ፀጉሯ ይረግፋል ወይ ላልሽው፣ ማበጠሪያው ላይ አይቻለሁ። ስለ ወር አበባዋ የጠየቅሽኝን ግን እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ነው የጠየቅኳት። «ከቀረ ሁለት ወሩ ነው» አለችኝ። ለምን አልነገርሽኝም ስላት «ጥሩ መስሎኝ፤ ሳላቋርጥ እጾማለሁ» አለች።

ለምን ነው ይህን ያህል የምትጾመው ብለሽ ሁለት ቦታ ላይ አስምረሽበታል። እኔም ጠየቅኳት፤ መስገጃዋን አንጥፋ ሶላት ቆመች። ልጅ ለአላህ ስትጾም እናት ምን ብላ ትከልክላት? አንቺስ ብትሆኚ ምን ትያታለሽ? ከአራት ቀን በኋላ ረመዳን ነው፤ ሁላችንም እንጾማለን፤ በማፍጠሪያ ሰዓት ከፊቴ አስቀምጬ አበላታለሁ። ከዒድ በኋላ ያልሽው ቦታ እወስዳታለሁ። ቃሌ ነው።

አሁን አትጻፊልኝ። ሲሻለኝ እጽፍልሻለሁ።

ሐዋ


መርካቶ
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዱንያ፤

ዒድ ሙባረክ ሳልልሽ አምስት ቀን አለፈ። እንዳትደውይ በሙናዊር የላክሁብሽ አፍሬ ነው። ይህንን በስልክ ማለት አልችልም፤ በወረቀትም መቻሌን እንጃ።

በዒድ ጠዋት የበዓሉን ምግብ፣ አተካናውን ሠርቼ፣ ቅቤውን አፍስሼበት፣ ሁላችን ቀርበናል። ጠሀ እንኳ ተቀምጧል፣ አስቢው። ሰልሰቢል እጇን አትዘረጋም። «ብዪ እንጂ» አልኳት። አቀርቅራ «ጾም ነኝ» አለች። ጠሀ ሳቀ። ክፋት የለውም፣ ታውቂዋለሽ፤ «በዒድማ መጾም ሐራም ነው፤ የሚጾመው ሸይጣን ብቻ ነው!» አላት፣ ለቀልድ። የልጄ ፊት እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። «ቆጠራው ጠፋብኝ» አለች። «ወላሂ ዒድ መሆኑን ረስቼ አይደለም፣ የቀረብኝ ጠፋብኝና ነው፤ ይኼም ተጨመረብኝ ማለት ነው?» እያለች ተነሳች። ከመጋረጃው ሳትደርስ ወደቀች።

አሁን መላውን እነግርሻለሁ። ጥቅምት ላይ፣ ያ የዳስተሩ ነገር ከሆነ በኋላ፣ ሐጂ ሰላሃዲን ሱቅ ወስጄ ቁርዓን አስይዤ አስማልኳት። ሐጂ ነበሩ፣ ሁለት የተራው ሽማግሌዎች ነበሩ። «አልረሳም፣ አልጮህም፣ እጄን አላነሳም» ብላ ማለች። እኛ ነጋዴዎች ነን ዱንያ፤ እዚህ ተራ ሰው በቃሉ ነው የሚኖረው፣ ወረቀት አንጠያየቅም። እኔም ልጄን በቃሏ ላስራት ፈለግሁ። በሦስተኛው ቀን የሱቁን ቁልፍ ረሳች። «መሐላሽን በላሽ!» አልኳት፤ በበለጥሻቸው ፊት፣ በደንበኛ ፊት። ከዚያ መሐላው እንዳይበርድ ብዬ በየጁምዓው አሳደስኳት። ሠራ ያልኩሽ ይኼንን ነው።

ስትነቃ ነው የነገረችኝ፤ እሷ ለካ መሐላ ያፈረሰ ሰው ዐሥር ምስኪን ያበላል፣ ካልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል ሲባል ቁርዓን ቤት ሰምታለች። ዐሥር ሰው በምን ታብላ? ስለዚህ ጾመች። እስክሪብቶ ስትረሳ ሦስት ቀን። በልቧ ስትጮህ ሦስት ቀን፤ በልቧ ዱንያ! በአፏማ መጮህ ትታ ነበር። ሶላት ላይ ሐሳቧ ሲሄድባት ሦስት ቀን። «ታዲያ ስንት ቀን ቀረሽ?» ብላት ምን አለችኝ መሰለሽ? «ስቆጥረው እረሳዋለሁ። ስለዚህ ሁሌ እጾማለሁ።»

ረጋች ብዬ የጻፍኩልሽ ጉልበት አጥታ ነው።

ሐጂ ሰላሃዲን ሲሰሙ መስጊድ ሄደው ኢማሙን ጠይቀው መጡ። የሱቃቸውን መዝጊያ ይዘው፣ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ «ልጄ፣ ተገድዶ የማለ ሰው መሐላ አያስረውም አሉኝ። ከመጀመሪያውም የለብሽም ነበር። ስህተቱ የኛ ነው፣ አውፍ በዪን» አሏት። እኔ ደስ ይላታል ብዬ ፊቷን አያለሁ። «ከመጀመሪያው ካልነበረ ለምን አስማላችሁኝ?» አለች።



ሐዋ


ወራቤ
ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐዋ፤

ደብዳቤሽን ጤና ጣቢያው ጓሮ ቆሜ አነበብኩት። ገብቼ መሥራት አቅቶኝ አስፈቅጄ ወጣሁ።

ለብቻሽ አትሸከሚው። ኅዳር ላይ ለማላውቀው ሰው የሚጻፍ ሪፖርት ነው የጻፍኩልሽ፤ ምልክት ደርድሬ፣ ቀጠሮ ልኬ፣ ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ። አውቶቡስ ብይዝ ኖሮ በአንድ ቀን ደርሼ ዐይቻት እመለስ ነበር። የሱቁን፣ የሐጂን ነገር አልጠረጠርኩም አልልሽም። «ጁምዓ ጁምዓ» ስትዪ ከንክኖኝ ነበር፤ ታላቄ ነሽና አፈርኩ።

አሁን የማዝሽን አድርጊ፤ እንደ ታናሽ ሳይሆን እንደ ነርስ ነው። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ውሰጃት፤ ጓደኛዬ ያለ ቀጠሮ ታስገባችኋለች። ለብቻዋ አትተያት። ምግብ በአንዴ አታብዢባት፣ ትንሽ ትንሽ። መኖር አስጠልቷት እንደሆነ በግልጽ ጠይቂያት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጣትም፤ ካለ ይወጣል እንጂ። ወደኔ መምጣት ብትፈልግ ክፍል አለ፣ ፈርሀትም እሺ ብሏል።

ዱንያ


መርካቶ፣ ድር ተራ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዱንያ፤

ሰላም ለናንተ ይሁን። ለአረፋ አገር ቤት ሳንገባ መቅረታችን አሳዝኗችኋል። መርካቶ ያለ የኛ ሰው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ሲጫን እኛ እዚሁ ተቀምጠን አለፈ። «ምን አስቀራችሁ?» ላልሽው፣ ዘመድ ተሰብስቦ «ልጅቷ ምን ሆና ነው?» ሲል የምመልሰው ስለሌለኝ ነው። እናታችንም ስለማትለቀን ነው፤ ይዛት ታለቅሳለች፣ እሷን ሲያለቅሱባት ደግሞ ይብስባታል። አንቺ ጋ እንድትመጣ የነገርሽኝን ነግሬያታለሁ። «እዚያስ ሄጄ ማንን ላስቸግር?» አለችኝ። ስለዚህ ክፍሉን ለልጆችሽ ስጪያቸው፤ አትጠብቂን።

ስለ ፈተናው ጠይቀሻል። ወይዘሮ ያለምወርቅ ደግ ሴት ናቸው፤ ስሟን አልሰረዙም፣ «በሩ ላይ ራሴ እቀበላታለሁ» ብለውኝ ነበር። ጠዋት ዩኒፎርሟን ለበሰች፤ ትከሻው ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ ያዝኩላት። እርሳሷን ይዛ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ጠሀ ሞተር ሳይክል ተከራይቶ ውጪ ይጠብቃል። «ነዪ እንጂ ሰልሲ፣ ሾፌርሽ ደርሷል!» ይላታል። አልተነሳችም። ትምህርቱን ታውቀዋለች እኮ፤ ሳይንሱን ለጎረቤት ልጅ ያስረዳችው እሷ ናት። «ስሜን መጻፍ ብረሳስ?» አለችኝ። አልገሠጽኳትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እገሥጻት ነበር፤ አሁን መገሠጹም ጠፍቶብኛል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ጠሀ ሞተሩን መልሶ ሄደ። በዚያን ቀን በርበሬ ተራ አልሄደም አሉኝ፤ የት እንደዋለ አልጠየቅኩትም።

ሆስፒታል አራት ጊዜ ሄደናል። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ልጄን በስሟ ነው የምትጠራት፣ ቶሎ ቶሎ ሰዓት አታይም። አንቺ ኅዳር ላይ የጻፍሽውን ነው የነገረችኝ፤ ከትኩረቱ ችግር ጋር ነው የተወለደችው፣ ሐዘኑ ግን በኋላ የመጣ ነው አለችኝ። «በኋላ» ስትል ወደኔ አላየችም። እኔ ግን አወቅኩት። ለሐዘኑ የሚሆን ኪኒን ተሰጥቷታል፤ ለትኩረቱ የሚሆነው በከተማው የለም፣ ሲገባ ይደወልላችኋል ተብለናል። አልተደወለም። ጠሀ በሚያውቀው አስመጪ ሁሉ አስጠይቋል። ቀጣዩ ቀጠሮ ነሐሴ ነው፤ ወረፋው ብዙ ነው።

ጠይቂያት ያልሽኝን ጠየቅኳት። በኔ አፍ አልወጣ ብሎ ሐኪሟ ፊት ነው የጠየቅኳት። «አዎ፣ ይመጣል» አለች፤ እንደ ዝናብ ነገር ነው የተናገረችው። ሐኪሟ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ «ሰልሰቢል፣ ሐሳቡ ሲመጣብሽ ምንም ከማድረግሽ በፊት ለእናትሽ ወይም ለኔ እንደምትናገሪ ቃል ትገቢልኛለሽ?» አለቻት። ለሁሉም በሽተኛ የምትጠይቀው ነው፤ ጥፋት የለባትም። ልጄ አሰበች። እሷ እኮ ሳታስብ ነበር የምትመልሰው። እንዲህም አለች፦ «አይ፣ አልገባም። እኔ ቃሌ አይሆንም። እማን ጠይቂያት፣ ምስክሮች አሏት።»

ሐኪሟ ወደኔ ዞረች። ነገርኳት። ከጥቅምት እስከ ዒድ ሁሉንም፣ ልጄ እየሰማች ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሱቅ ይዣት እመጣለሁ። ከጎኔ ናት፣ አንድ ክንድ አትርቀኝም። በለጥሻቸው ቀልድ ትሞክራለች፤ «ሰልሲዬ፣ ላስቲኩ ፋብሪካ ደውሎልኛል፣ በኔ ልክ ሊሠሩ ነው!» ትላታለች። ፈገግ ትላለች፣ ለሰው ብላ። ልብስ ሰፊ ቁልፍ ይዞ ሲመጣ እኔው ሳጥን አገላብጣለሁ። አንዳንዴ ታውቀዋለች፣ ዐይኗ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል፤ ግን አትናገርም። ብትሳሳት ብላ ይሆናል። ሐጂ ሰላሃዲን በኛ በር ማለፍ ትተዋል፤ በዳቦ ቤቱ በኩል ነው የሚዞሩት። በየጁምዓው ዐሥር ምስኪን እንደሚያበሉ ሰማሁ። የሷን የመሐላ ዕዳ መክፈላቸው መሆኑ ነው፤ ማን እንደሚነግራት ግን አላውቅም።

ሐኪሟ ቃሉን ተወችና ሌላ ነገር አስማማችን። ቃል የለም፣ መሐላ የለም። እኔ በቀን አንድ ጊዜ ስለ ሐሳቡ እጠይቃለሁ፣ እሷ ያለውን ትመልሳለች፤ «አለ» ካለች ሌሊቱን አብሬያት አድራለሁ፣ ከባሰ ሆስፒታል ይዣት እሄዳለሁ። በዚህ ተስማማች። ስለዚህ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ገበያው ጋብ ሲል፣ ወደሷ ዞር እልና «ዛሬስ?» እላታለሁ። ሌላ ነገር አልጨምርም። እኔ ፊቴን ለማሳመር እሞክራለሁ፤ እሷ ታየኛለች፣ መልሱ ምን እንደሚያደርገኝም ታውቃለች።

ይህን ስጽፍልሽ ሙናዊር አውቶቡስ ተራ እየጠበቀኝ ነው። አሁን አሁን ጠየቅኳት። «አለ» አለች። ትናንትም «አለ» ነበር፤ ከትናንት ወዲያም። ከግንቦት ጀምሮ ሌላ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

ዱንያ፣ ውሸታም ስላት የኖርኩት ልጅ አንድም ቀን ዋሽታኝ አታውቅም። ዛሬ አንዴ ብትዋሸኝ ምን ነበረበት!

ሐዋ